የዕብራይስጥ ፊደል ወደ መጻሕፍት ምደባ ይግባ ሲባል ምን ማለት ነው?

ከአያት ወደ ውጭ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ በኩል የአዲስ አበባን ዳር ዳር ለሚያይ ሰው ከኮንዶሚኒየም ብሎኮቹ መሀል፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወይ ቤተ እምነት አጥር ውስጥ አንድ ትንሽ የመጻሕፍት ክፍል ማግኘት ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያሉ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚሞሉት በስጦታ ነው፣ ስጦታው ደግሞ በካርቶን ነው የሚመጣው፣ ምን እንዳለበት የሚታወቀው ሲከፈት ነው። እንግሊዝኛው ይበዛል፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይከተላል፣ አረብኛ ይኖራል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ዕብራይስጥ ብቅ ይላል፦ ሥነ መለኮት የተማረ ሰው የተወው መዝገበ ቃላት፣ እስራኤል ዘመድ ያለው ቤተሰብ የሰጠው የልጆች መጽሐፍ፣ የጸሎት መጽሐፍ። ያኔ ነው ጥያቄው የሚነሳው። ይሄ የት ይቀመጥ? ጀርባው ላይስ ምን ይለጠፍበት?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል ግን ወሬው ቶሎ ይወሳሰባል። «የዕብራይስጥ ፊደል ወደ ቤተ መጻሕፍት መለያ ሥርዓት ይግባ» ሲባል አንዱ የሃይማኖት ጉዳይ አድርጎ ይሰማዋል፣ አንዱ ፖለቲካ ያደርገዋል፣ ሌላው «የራሳችን ፊደል እያለ?» ይላል፣ ደግሞ «ዴዊ እኮ ቁጥር ነው፣ ፊደል ምን አገባው» ብሎ የሚዘጋውም አለ፣ ዴዊ የሚለው የተለመደውን የመጻሕፍት ምደባ ነው። ሰዎቹ የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወሩት፣ ምክንያቱም «መለያ ሥርዓት» የሚለው አንድ ስም ቢያንስ ሦስት ነገር አቅፏል። እነሱን ለይቶ ማየት ግማሹን ጭቅጭቅ ያቃልለዋል ብዬ ነው የማምነው።

ጀርባው ላይ ያለችው ወረቀት ስትፈታ

መጽሐፍ ጀርባ ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ ኮል ነምበር ይባላል፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ያለው አድራሻ ማለት ነው። አድራሻው ደግሞ ሁለት ክፍል አለው። የላይኛው የምደባ ቁጥር ነው፣ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ የሚናገር። እኛ ጋ በብዛት የሚታወቀው ዴዊ የሚባለው የአስርዮሽ ምደባ ነው፣ ሜልቪል ዴዊ የተባለ አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ ያወጣው፣ እውቀትን በ10 ዋና ዋና ክፍል ከፍሎ እያንዳንዱን እንደገና በ10 በ10 እየበተነ የሚሄድ። 200 ሃይማኖት ነው፣ 400 ቋንቋ፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ።

የታችኛው ክፍል የደራሲ ምልክት ነው። በአንድ ቁጥር ስር ብዙ መጽሐፍ ስለሚኖር ከደራሲው ስም ጥቂት ፊደል ተወስዶ ወይ ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ ይጻፋል። ቻርልስ ከተር የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ለዚህ ሰንጠረዥ ስለሰራ በሱ ስም ከተር ነምበር ይሉታል። ሰንጠረዡ የተሰራው በላቲን ፊደል ቅደም ተከተል ነው፣ ይቺን ነገር ያዟት፣ ኋላ ትመጣለች።

ሦስተኛው ነገር ወረቀቷ ላይ የለም፣ ካታሎጉ ውስጥ ነው ያለው። የመጽሐፉ ርዕስ፣ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ ዓመት የሚመዘገብበት፣ ድሮ በካርድ አሁን በኮምፒውተር። እንግዲህ «ዕብራይስጥ ይግባ» የሚል ሰው የትኛው ውስጥ ማለቱ ነው? ቁጥሩ ውስጥ፣ የደራሲ ምልክቱ ውስጥ ወይስ ካታሎጉ ውስጥ? መልሱ ለሦስቱም አንድ አይደለም።

ዕብራይስጥ እንደ ቋንቋ ከሆነማ ድሮውኑ ገብቷል። በዴዊ የዕብራይስጥ ቋንቋ 492.4 ነው፣ ሥነ ጽሑፉ 892.4፣ የአይሁድ ሃይማኖት 296። ጎረቤቱ ደግሞ እኛ ነን፣ ግዕዝ 492.81 ላይ አማርኛ 492.87 ላይ ተቀምጠዋል፣ ሴማዊ ቋንቋዎች ስለሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የዕብራይስጥ ሰዋስው መጽሐፍ ቦታ አጣ የሚባል ነገር የለም። የጠፋው ፊደሉ ነው።

ፊደል ቋንቋ አይደለም፣ ቋንቋም ሃይማኖት አይደለም

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈን ሁሉ አንድ መደርደሪያ ላይ እንሰብስብ የሚል ሐሳብ ሲነሳ መጀመሪያ ጥሩ ይመስላል፣ ለዓይን ይቀላላ። ግን በዕብራይስጥ ፊደል የሚጻፈው ዕብራይስጥ ብቻ አይደለም። ዪዲሽ አለ፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የሚናገሩት የነበረ፣ ፊደሉ የዕብራይስጥ ቋንቋው ግን የጀርመንኛ ዘመድ ነው፣ በዴዊም ከጀርመንኛ ቤተሰብ ጋር 439.1 ላይ ነው ያለው። ላዲኖ አለ፣ የስፓኒሽ ዘመድ። አረብኛ ራሱ በዕብራይስጥ ፊደል ሲጻፍ ኖሯል፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ ሙሴ ማይሞኒደስ ትልቁን የፍልስፍና ሥራውን በአረብኛ ነው የጻፈው፣ በዕብራይስጥ ፊደል። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም ከትንቢተ ዳንኤልና ከዕዝራ የተወሰነው ክፍል አራማይክ ነው። እነዚህን ሁሉ በፊደላቸው ብቻ አንድ ቦታ ብንከምር ጀርመንኛና አረብኛ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ነው፣ ፈላጊያቸው ግን አንድ ሰው አይደለም።

ተቃራኒውም አለ። ቤተ እስራኤሎች ለዘመናት ያነበቡት ኦሪት በግዕዝ ቋንቋና በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው፣ ዕብራይስጥ አይደለም። ጉዳዩ የአይሁድ ሃይማኖት ነው፣ ፊደሉ የኛ ነው። በፊደል ከለየነው የጸሎት መጻሕፍታቸው ከአይሁድ እምነት መደርደሪያ ይወጣሉ። ይሄ ደግሞ ሩቅ ያለ ምሳሌ አይደለም፣ በ1991 እ.ኤ.አ ግንቦት ውስጥ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄድ ይህንን ቅርስ የተሸከመው ሕዝብ ነው የሄደው።

ለኛ አንባቢ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የኦሮምኛው ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ የተረጎሙት ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ ሲታተም በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ ደግሞ ቁቤ፣ ማለትም በላቲን ላይ የተመሠረተው አጻጻፍ፣ የአፋን ኦሮሞ ይፋ አጻጻፍ ሆነ። በከተማዋ ዳር ባሉ ሰፈሮች በሁለቱም ያነበበ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ይገኛል፣ አያት በግዕዝ ፊደል የልጅ ልጅ በቁቤ። ምደባው በፊደል ቢሆን ኖሮ አንድ ቋንቋ ሁለት ቦታ ይሰነጠቅ ነበር። ዴዊ ግን ኦሮምኛን 493.55 ላይ አስቀምጦ ፊደሉን አይጠይቅም፣ በዚህ ላይ ዴዊ ትክክል ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያገኘ ይመስለኛል። የዕብራይስጥ ፊደል የምደባ ቁጥሩ ውስጥ ምንም የሚሰራው ሥራ የለም።

ፊደልን ቁጥር ውስጥ የከተቱ ነበሩ

ይሄ ሐሳብ ግን ተሞክሮ የማያውቅ አይደለም። ሕንዳዊው ራንጋናታን በ1933 እ.ኤ.አ ባወጣው ኮሎን በሚባለው ምደባ ከላቲን ፊደላትና ከአሃዝ መሀል የግሪክ ፊደል ሰክቶ ነበር፣ ዴልታ የምትባለዋን ለመንፈሳዊ ተመስጦ ጉዳይ። ሩሲያዎቹ በሶቪየት ጊዜ በሰሩት ምደባ ለትልልቅ የምርምር ቤተ መጻሕፍት በሚሆነው ቅጂ ዋና ዋና ክፍሎቹን በሩሲያ ፊደል ነበር የሰየሙት፣ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሆነውን ግን በአሃዝ አደረጉት። ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አይጠይቅም፣ አሃዝ በየትኛውም አገር ያለ ሰው ይደረድረዋል፣ መጽሐፍ የሚመልሰው ተማሪም ይሁን የጽዳት ሠራተኛ 492 ከ493 በፊት እንደሆነ ያውቃል፣ ዴልታ ከየትኛው ፊደል ቀጥሎ እንደሚመጣ ግን የሚያውቀው የተማረው ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረው የኢየሩሳሌሙ ነው። ገርሾም ሾለም፣ በኋላ የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ታላቅ ተመራማሪ የሆነው፣ በ1923 እ.ኤ.አ የዛሬው የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲቀጠር ዴዊ ለአይሁድ ጉዳይ የሰጠው ቦታ እንደማይበቃው ገባው። ልክ ነበር፣ ዴዊ ከ220 እስከ 280 ያለውን ለመጽሐፍ ቅዱስና ለክርስትና ሰጥቶ የቀረውን የዓለም ሃይማኖት 290ዎቹ ውስጥ ነው ያጨቀው፣ የአይሁድ እምነት ድርሻ አንዲት 296 ብቻ ናት። ሾለም ያደረገው በዴዊ መሠረት ላይ ለአይሁድ ጉዳዮች ሰፋ ያለ ዝርዝር ምደባ ማዘጋጀት ነበር፣ በ1927 እ.ኤ.አ ታተመ። አስተውሉ፣ የዕብራይስጥ ፊደል አገሩ ላይ ሆኖ እንኳን ሾለም የሰፋው በአሃዝ ነው። በእስራኤል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም የተለመደው ላዩ ላይ የዴዊ ቁጥር፣ ከሥሩ ከደራሲው ስም የተወሰዱ የዕብራይስጥ ፊደላት ነው።

ዴዊ ራሱም ትንሽ በር ትቷል። አንድ አገር የራሱን ቋንቋ ማስቀደም ከፈለገ ከ420 በፊት ፊደል ወይ ምልክት ያለው ቁጥር እንዲፈጥር ይፈቅዳል። በዚህ መሠረት የኛ ቤተ መጻሕፍት አማርኛን 4አ0 ብሎ ከእንግሊዝኛ በፊት ቢያስቀምጠው ሕግ አይጥስም። ዕብራይስጥ ብዙ ያለው ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ ማድረግ ይችላል፣ ሦስት ካርቶን ላለው ግን ትርፉ አይታየኝም።

ላቲኑ የሚያበላሸው

አሁን ወደ ደራሲ ምልክቱ እንምጣ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይከብዳል። በላቲን ፊደል የሚሰራ ቤተ መጻሕፍት የዕብራይስጥ መጽሐፍ ሲመጣለት ስሙን ወደ ላቲን ይገለብጠዋል፣ ሮማናይዜሽን ይሉታል፣ ከዛ በላቲኑ ይደረድራል። ችግሩ መገልበጡ ነው።

አንደኛ፣ ዕብራይስጥ በተለመደው አጻጻፍ አናባቢ አይጻፍበትም። ሳምኬት፣ ፌ፣ ሬስ የሚባሉት ሦስት ፊደላት ተከታትለው ሲጻፉ ሴፌር ተብለው ከተነበቡ መጽሐፍ ነው፣ ሳፓር ከተባሉ ፀጉር አስተካካይ፣ ሳፋር ከተባሉ ቆጠረ (ይሄኛው እህል ሰፈረ ከምንለው ጋር ጆሮ ላይ ይቀራረባል)። የሚገለብጠው ሰው ቋንቋውን ካላወቀ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? ፊደሉን እንዳለ ቢያስቀምጠው ግን አይሳሳትም፣ ምክንያቱም ምንም አልወሰነም።

ሁለተኛ፣ ላቲን የዕብራይስጥን አንዳንድ ድምፅ የሚይዝበት ፊደል የለውም። ሔት ላይ የሚጀምር ቃል፣ ለምሳሌ ሐኑካ የሚባለው በዓል፣ አንዱ በላቲን ኤች ይጀምረዋል ሌላው በሲና በኤች፣ እና አንድ ቃል መደርደሪያ ላይ ሁለት ቦታ ይሆናል። ዐይን የምትባለዋ ፊደል ደግሞ ጭራሽ ትጠፋለች። ሦስት ደራሲዎችን ውሰዱ፦ በ1966 እ.ኤ.አ የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ የሆነው ሽሙኤል ዮሴፍ አግኖን፣ አሞስ ኦዝ፣ እና አሃሮን አፔልፌልድ። በዕብራይስጥ አግኖንና ኦዝ ሁለቱም በዐይን ነው የሚጀምሩት፣ አፔልፌልድ በአሌፍ። አሌፍ የመጀመሪያዋ ፊደል ናት፣ ዐይን 16ኛዋ። በላቲኑ ሲደረደሩ ግን አግኖንና አፔልፌልድ ጎረቤት ሆነው ኦዝ ሩቅ ይሄዳል። ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው መጥቶ ኦዝን ከአግኖን ቀጥሎ ሲፈልግ አያገኘውም፣ መጽሐፉ ግን አለ።

እዚህ ላይ ለኛ ደስ የሚል ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ላቲን የጎደለውን ይዟል። አ እና ዐ አሉን፣ ሐ አለን፣ ጠ፣ ጸ፣ ቀ አሉን። ስማቸው ሁሉ ዘመዳሞች ነው፣ አልፍ፣ ቤት፣ ገምል ስንል እነሱ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል ይላሉ። ዳዊት የደገመ ሰው ደግሞ የዕብራይስጡን ስሞች ያውቃቸዋል፣ መዝሙር 118 (በሌላው አቆጣጠር 119) ላይ በየስምንት ቁጥሩ አናት ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያሉ እስከ ታው 22ቱም ተሰልፈዋል፣ 176 ቁጥር ያለው ለዚህ ነው። እንግዲህ የዕብራይስጥ ስም በግዕዝ ፊደል ሲገለበጥ ተነባቢዎቹን ሳይጥል ሊቀመጥ ይችላል፣ ዐግኖን፣ ዖዝ፣ አፔልፌልድ ተብሎ። ዛሬ በአማርኛ አ እና ዐ አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሆኑ በዘፈቀደ እንቀያይራቸዋለን፣ በዚህ ሥራ ላይ ግን ልዩነቱ ጥቅም አለው።

ኮምፒውተሩ ጋ ሲደርስ

ካታሎጉ ውስጥ ፊደሉን ማስገባት ዛሬ ይቻላል፣ ድሮ ግን ከባድ ነበር። ዩኒኮድ የሚባለው፣ የዓለምን ፊደላት እያንዳንዳቸውን ቁጥር ሰጥቶ ኮምፒውተሮች እንዲግባቡ የሚያደርገው ስምምነት፣ ዕብራይስጥን ከመጀመሪያው ከ1991 እ.ኤ.አ ጀምሮ ይዟል። የኛ ፊደል የገባው በ3.0ኛው ቅጂ በ1999 እ.ኤ.አ ነው።

ቤተ መጻሕፍት መረጃ የሚለዋወጡበት ማርክ የሚባል ቅርጽ አለ፣ የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1960ዎቹ ያበጀው። በሱ ውስጥ ቁጥሩ 880 የሆነ መስክ፣ ማለትም መረጃ የሚሞላበት ቦታ፣ አለ፣ ሥራው በላቲን የተጻፈውን ስምና ርዕስ በራሱ ፊደል ደግሞ መያዝ ነው። የላቲኑና የዕብራይስጡ መስመር በቁጥር ይተሳሰራሉ፣ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ የምትናገር ምልክትም አብራ ትገባለች። ስለዚህ «ወይ ላቲን ወይ ዕብራይስጥ» የሚለው ምርጫ ካታሎግ ውስጥ የለም፣ ሁለቱም አብረው ይቀመጣሉ።

እንከኖቹ ጥቃቅን ናቸው ግን ያበሳጫሉ። አቅጣጫው አንዱ ነው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፣ መሀሉ የሚገባው አሃዝ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ነው። 892.4 ብላችሁ አጠገቡ የዕብራይስጥ ፊደል ከጻፋችሁ ስክሪኑ ቦታቸውን ሊያቀያይረው ይችላል፣ ቁጥሩ ነጥብ ወይ ሰረዝ አብሮት ሲሆን ይብሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ቁጥሩን በአንድ መስመር ፊደሉን ከሥሩ በሌላ መስመር ማድረግ፣ ሌብሉ ጠባብ ስለሆነ ድሮም እንደዛ ነው የሚጻፈው።

ሌላው የቃል መጨረሻ ቅርጽ ነው። ካፍ፣ ሜም፣ ኖን፣ ፌ፣ ጻዴ ቃል መጨረሻ ላይ ሲመጡ መልካቸው ይቀየራል፣ ዩኒኮድም ለብቻ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፣ ስለዚህ 22 ፊደል 27 ሆኖ ነው የተመዘገበው። ኮሄን የሚለው ስም ሦስት ፊደል ነው፣ ካፍ፣ ሄ፣ ኖን፣ ኖኑ መጨረሻ ስለሆነ በመጨረሻ ቅርጹ ይጻፋል። ካሃና የሚለው ስም ደግሞ መጀመሪያ ሦስት ፊደሉ እነዚያው ናቸው፣ ኖኑ ግን መሀል ስለሆነ ተራ ነው። የደራሲ ምልክት ብላችሁ ሦስት ሦስት ፊደል ስትወስዱ ለሰው አንድ ዓይነት፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። ከፊደል ሥር የሚገቡት የአናባቢ ነጥቦችም እንደዛው ናቸው፣ የልጆች መጽሐፍና መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አሉ፣ ልብ ወለድ ላይ የሉም፣ ፍለጋው ነጥቡን ትቶ እንዲያነብ ካልተደረገ ያለውን የለም ይላል። ይሄንን ማስተካከል ኖርማላይዜሽን ይሉታል፣ የተለያየ አጻጻፍን ለፍለጋ ሲባል አንድ ማድረግ ማለት ነው።

የሚቃወሙትም ነጥብ አላቸው

ይቅር የሚሉት ሰዎች የሚያነሱት ነገር በደንብ መሰማት አለበት። ትንሽ ክፍል ውስጥ ዕብራይስጥ የሚያነብ ሠራተኛ የለም። ማንበብ የማይችለውን ፊደል ሌብል ላይ ካደረጋችሁበት መጽሐፉን ወደ ቦታው መመለስ አይችልም፣ መጽሐፍ ደግሞ በተሳሳተ ቦታ ከገባ እንደጠፋ ነው። ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ገንዘብና ጊዜ ካለ ለተማሪ መማሪያ መጽሐፍ ይዋል የሚለውም ክርክር ቀላል አይደለም፣ በከተማ ዳር ያሉ ተማሪዎች ብዙ ነገር ይጎድላቸዋል።

እኔ በግማሹ እስማማለሁ። ሌብሉ ሠራተኛውም አንባቢውም የሚያነበው መሆን አለበት፣ ስለዚህ በአሃዝና በግዕዝ ፊደል ቢሆን ይሻላል። ካታሎጉ ግን ሌላ ነው፣ እዛ ቦታ አይጠብም፣ ሠራተኛው ሳያነበውም ሊገባ ይችላል። እንዴት? መጽሐፉ ጀርባ ሽፋን ላይ አይኤስቢኤን የሚባለው ቁጥር ካለ (የእስራኤል መጻሕፍት 978 ብለው 965 ያስከትላሉ፣ የኛ 99944) ያንን ቁጥር አስገብቶ ዜድ 39.50 በሚባለው የመለዋወጫ መንገድ ከትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የተዘጋጀ መዝገብ ማውረድ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ የዕብራይስጡ ጽሑፍ 880 ውስጥ አብሮ ይመጣል። ኮሃ የሚባለው በነፃ የሚገኝ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ይሄን ያደርጋል። ሰውየው አንድ የዕብራይስጥ ፊደል ሳይጽፍ ካታሎጉ ዕብራይስጥ ይዟል ማለት ነው።

የኛ ፊደልስ?

«የራሳችን ፊደል እያለ» ያሉት ሰዎች ቁጭታቸው እውነት ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ነው የተሳሳተው። ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት ማርክ ይጠቀምበት የነበረው የፊደላት ስብስብ ውስጥ ዕብራይስጥ፣ አረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ የሩሲያና የግሪክ ፊደላት ነበሩ። ግዕዝ አልነበረም። ስለዚህ የአማርኛ መጽሐፍ ውጭ አገር ካታሎግ ውስጥ ሲገባ በላቲን፣ ከላይና ከታች ነጥብና ሰረዝ እየተደረገበት ነበር የሚመዘገበው። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ የራሱን ደራሲ ለመፈለግ የማያውቀውን የላቲን አጻጻፍ መገመት አለበት። አግኖን ላይ የደረሰው ሁሉ በኛ ደራሲዎች ላይም ደርሷል።

ችግሮቹም ያው ናቸው። ዕብራይስጥ ነጥብ ያለውና የሌለው አጻጻፍ ቢኖረው እኛ ዓለምና አለም፣ ፀሐይና ጸሀይ አለን። እነሱ «ሃ» የምትለውን መነሻ ከቃሉ ጋር አጣብቀው ሲጽፉ ድርደራው ላይ እንድትዘለል ያደርጋሉ፣ እኛ ደግሞ ርዕሱ በ«የ» የሚጀምረውን መጽሐፍ ሁሉ የ ስር እንከምረውና የኢትዮጵያ ታሪክ የሚለውን ፈላጊ ኢ ላይ ሄዶ ያጣዋል። የስም ነገርም አለ፣ ዕብራይስጡ በቤተሰብ ስም ይደረደራል፣ የኛ ሰው ግን የቤተሰብ ስም የለውም፣ ሀዲስ ዓለማየሁ በሀ ነው የሚፈለጉት እንጂ በአባታቸው ስም አይደለም። እስራኤል የሄደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሊጽፍ ይችላል፣ ያው ሰው አዲስ አበባ ላይ በአንድ ፊደል ኢየሩሳሌም ላይ በሌላ ፊደል ይደረደራል።

ለዚህ ነው ዕብራይስጡን ማስገባት የኛን ፊደል ይሻማል የሚለው የማያሳምነኝ። አጻጻፉን አንድ የሚያደርገው ማስተካከያ፣ ርዕስ ላይ መነሻን የሚዘልለው ማስተካከያ፣ ፎንቱን የሚጭነው ሰው፣ ሁሉም ለሁለቱም ነው የሚያገለግሉት። ዕብራይስጡ ላይ የተፈተነ ካታሎግ ለግዕዙ ዝግጁ ነው።

ካርቶኑ ሲከፈት

የቀሩት ነገሮች የእጅ ሥራ ናቸው። የዕብራይስጥ መጽሐፍ የሚከፈተው ከቀኝ ነው፣ እኛ የኋላ ሽፋን የምንለው ለነሱ የፊት ነው፣ ስለዚህ ማኅተሙና ባርኮዱ ከመለጠፉ በፊት የርዕስ ገጹ በየት በኩል እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ዓመቱም በፊደል ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ፊደላቱ የቁጥር ዋጋ አላቸው፣ ታው 400፣ ሳን 300፣ ፌ 80፣ ዳሌጥ 4 ሲደመር 784 ይሆናል፣ 5 ሺው ሳይጻፍ ይታለፋል፣ ስለዚህ 5784 ነው፣ በፈረንጅ ከ2023 ሴፕቴምበር እስከ 2024 ኦክቶበር መጀመሪያ፣ በኛ አቆጣጠር በአብዛኛው 2016 ላይ የሚያርፍ። የአማርኛ መጽሐፍ ላይ ያለውን ዓመት እንደ ፈረንጅ ቆጥረው ሰባትና ስምንት ዓመት ያሳሳቱ ካታሎጎች እንዳሉ ለሚያውቅ ሰው ይሄ አዲስ አይሆንበትም፣ ሁለቱንም ዓመት ጽፎ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው።

ቅደም ተከተሉ ላይ አንድ መወሰን ያለበት ነገር አለ። እኛ ሁለት ተራ አለን፣ ሀለሐመ እና አበገደ። አበገደ ከዕብራይስጡ ጋር ስለሚሄድ ለዕብራይስጥ መደርደሪያ ይመቻል፣ አንባቢው የሚያውቀው ግን ሀለሐመን ነው። በኔ ግምት የአማርኛው መደርደሪያ ሀለሐመ ላይ ይቆይ፣ የዕብራይስጡ መደርደሪያ በአበገደ ይደርደር፣ ተራው ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። መጽሐፎቹ አሥር ከሆኑ ማንም አይጠፋበትም፣ መቶ ሲሆኑ ደግሞ ተራው ተለምዷል።

ሶፍትዌሩን ለመፈተን ብዙ መጽሐፍ አያስፈልግም። የሦስቱን ደራሲዎች ስም በዕብራይስጥ ፊደል መዝግቦ ዝርዝሩን በደራሲ ስም ማውጣት ብቻ ነው። አፔልፌልድ ከላይ ሆኖ አግኖንና ኦዝ ተከታትለው ከወጡ ፊደሉ ገብቷል፣ አግኖን አፔልፌልድ ጎን ከወጣና ኦዝ ታች ከቀረ ግን ካታሎጉ አሁንም የሚደረድረው በላቲን ነው።